ወንዝ ዳር ቤት ስትሠሩ አፈራችሁ ወንዝ እንዳይገባ፦ ከሚያዝያ እስከ መስከረም የሚሠራ ሥራ

ግንቦት ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ግንባታችን ወንዝ አጠገብ ነው፤ ክረምቱ ደረሰ፤ የቆፈርነው አፈር ታጥቦ ወንዙን እንዳይሞላው ምን እናድርግ?» ጠያቂው አንዳንዴ የቤት ማኅበር ኮሚቴ ነው፤ አንዳንዴ ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው። ግማሾቹ የሚደውሉት ከወረዳ ማስጠንቀቂያ ከደረሳቸው በኋላ ነው። በስልክ ስመልስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር እረሳለሁ። ስለዚህ ሙሉውን ጻፍኩት።

መመሪያው ከ1,000 ካሬ ለማይበልጥ ግንባታ ነው። ቀበና ወይም የአቃቂ ገባር ዳር ለምትሠሩ፣ ጣና ወይም ሐዋሳ ዙሪያ ጨፌ አጠገብ ቦታ ለደረሳችሁም ይሆናል። ከዚያ ለሚሰፋ ሥራ መሐንዲስ ያወጣው የጎርፍ ማስወገጃ ዲዛይን ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ቅደም ተከተሉን አደራ። ከታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ አምስት ተራዎች ኤክስካቫተሩ ግቢ ከመግባቱ በፊት ያልቃሉ። አፈር አንዴ መሄድ ከጀመረ ማንም አይመልሰውም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ስሌቱ ለ500 ካሬ ቦታ ነው፤ ወደ ወንዙ የሚያየው ጎን 25 ሜትር ሆኖ።

- አጣና፣ 1.2 ሜትር እየሆነ የተቆረጠ፦ 20
- የ50 ኪሎ ማዳበሪያ (ከረጢቱ፣ ባዶውን)፦ 35። አቅም ካላችሁ ጂኦቴክስታይል (ውሃ የሚያሳልፍ የግንባታ ጨርቅ) 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ 33 ሜትር
- የማዳበሪያ መስፊያ መርፌና ሲባጎ
- ጥቁር ሽቦ፣ ምስማር፣ ፒንሳ
- ግልጽ የውሃ ጎማ 15 ሜትር ያህል (ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያወጡበት)
- ዶማ፣ አካፋ፣ ባሬላ ወይም የእጅ ጋሪ
- ጠጠርና የጭንቅላት ያህል ድንጋይ፦ 3 ሜትር ኩብ
- ሸራ፦ የአፈር ክምሩን የሚሸፍን
- ወፍራም ላስቲክ 3 በ3 ሜትር
- ቡትስና የላስቲክ ጓንት ለሁሉም ሠራተኛ
- ሁለት ባዶ ሃይላንድ

የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። በኋላ ታዩታላችሁ።

1. ጨፌው የት እንደሚያበቃ እወቁ

ወንዝ ጠርዙ ይታያል። ረግረግ ግን በበጋ ደርቆ ሜዳ ይመስላል፤ ሚያዝያ ላይ ኳስ የሚጫወቱበት መሬት ነሐሴ ላይ ኩሬ ነው። ቄጠማ ወይም ፊላ ካለበት ጥርጣሬ የለውም። ሣሩ ታጭዶ ወይም ተግጦ ከሆነ ግማሽ ሜትር ቆፍሩና አፈሩን እዩ። ግራጫ ሆኖ መሐሉ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ካለው፣ እዚያ ቦታ ላይ ውሃ በየዓመቱ ለረጅም ጊዜ ይተኛል ማለት ነው። መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ግን በዚህ አትተማመኑ። ጥቁሩ ቀለም ምልክቱን ይደብቀዋል። እዚያ የሚሻለው በአካባቢው የኖሩ አዛውንትን «ክረምት ላይ ውሃው እስከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጨፌ የጎርፍ ማረፊያ ነው። ገረጋንቲ ደፍታችሁ ብታነሡት ውሃው አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ራሳችሁ ቤዝመንት ይሄዳል።

2. የማይነካውን መሬት በገመድ ከልሉ

ከወንዙ ዳር ወይም ከጨፌው ጠርዝ ስንት ሜትር መራቅ እንዳለባችሁ የከተማችሁን ፕላንና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገራችሁን አትያዙ። የተሰጣችሁ ቁጥር ዝቅተኛው ነው፤ ቦታችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ከ15 እስከ 30 ሜትር ሣርና ቁጥቋጦ ሳይነካ ቢቀር ጥሩ ነው። አጣና ተክላችሁ ቀይ ጨርቅ ያለበት ገመድ ዘርጉ።

ገመዱ ለሹፌሩ ነው። ሎደር የሚነዳው ሰው የእናንተን ካርታ አላየም። የበቀለ ሣር የውሃውን ፍጥነት ይሰብራል፣ አፈሩን ያስቀራል፣ ሥሩም ዳሩን ይይዛል። አንድ ጊዜ በሰንሰለት ጎማ የተፈጨ ዳር በክረምቱ ተንዶ ይሄዳል። ግንብ ብትሠሩበት እንኳ ሣሩ በነፃ ይሠራ የነበረውን አይተካም።

3. ከላይ የሚመጣውን ውሃ ግቢ ሳይገባ መልሱ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከወንዙ በኩል ስንከላከል ከጀርባችን ከዳገቱ የሚመጣውን ጎርፍ እንረሳለን። ንጹሕ ሆኖ የመጣ ውሃ የተቆፈረ መሬት ላይ ካለፈ በኋላ ጭቃ ነው። ጭቃ ከማጣራት ንጹሑን ወደ ጎን ማሳለፍ በብዙ እጥፍ ይቀላል።

በቦታው የላይኛ ጎን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ጥልቀቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ይበቃል። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በውሃ ጎማው ለኩት። ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ቦዩ ራሱን መብላት ይጀምራል። የወጣውን አፈር ከቦዩ በታች፣ በግንባታው በኩል ደልድላችሁ ረግጡት።

መጨረሻው ሣር ያለበት ወይም ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ ይሁን። ጎረቤት ግቢ ላይ አትልቀቁት። ጠብ ብቻ ሳይሆን ክስም ይመጣል።

ቦታው ቁልቁለት ሆኖ ቦዩ መፍጠኑ የማይቀር ከሆነ በውስጡ የድንጋይ ክትር (ቦዩን አቋርጦ ውሃውን የሚያዘገይ ትንሽ ግድብ) እየደጋገማችሁ አስቀምጡ። ከፍታው ከ30 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ መሐሉ ከጎኖቹ በ15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። መሐሉ ካልዘቀጠ ውሃው በጎን ዞሮ ዳሩን ይገምሳል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ሲሆን ርቀቱ ልክ ነው።

4. የደለል አጥር

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ስሕተት የማየው እዚህ ነው።

አጥሩ ውሃ አያጣራም። ውሃውን ያቆመዋል። የቆመ ውሃ የያዘውን አፈር ይጥላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በጨርቁ ያልፋል። ይህን ከተረዳችሁ የቀረው ሁሉ ግልጽ ይሆናል።

ማዳበሪያዎቹን በአንድ ጎን ቀድዳችሁ ዘርጉ። አንዱን በሌላው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር እያደራረባችሁ በሲባጎ ስፏቸው። ከዚያ ከግንባታው በታች፣ ከከለላችሁት ሣር በላይ፣ መስመሩን በውሃ ጎማ አውጡ። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። በዓይን አትገምቱ። ግማሽ ሜትር ዝቅ ያለ ቦታ ካለ የግቢው ውሃ በሙሉ ወደዚያ ሄዶ አጥሩን ይበረግደዋል።

በመስመሩ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅና የሚሰፋ ቦይ ቆፍሩ። አጣናዎቹን በቦዩ የታችኛ ጎን፣ በየ2 ሜትሩ፣ ግማሽ ሜትር ድረስ ምቱ። ጨርቁን ከአጣናው በላይኛው በኩል፣ ማለትም ውሃው በሚመጣበት ጎን እሰሩት። ያኔ የውሃው ግፊት ጨርቁን ወደ አጣናው ይገፋዋል። በተቃራኒው ካሰራችሁት ምስማሩን ነቅሎ ይሄዳል። የጨርቁን የታችኛ ጫፍ በቦዩ ውስጥ አጥፋችሁ አስቀምጡ፣ አፈር መልሱበት፣ በደንብ ርገጡት። ካልተቀበረ ውሃው በሥር ያልፋል፤ አጥር ሳይሆን መጋረጃ ሰቀላችሁ ማለት ነው።

ሁለቱን ጫፎች 3 ሜትር ያህል ወደ ዳገቱ እጠፏቸው። አለበለዚያ ውሃው ዞሮ ይወጣል።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ግቢ ውስጥ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አጥሩን አቋርጬ ተከልኩት። ያምር ነበር። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ጨርቁን ከነአጣናው ወሰደው፤ ከአጥሩ ኋላ የተጠራቀመው ጭቃም አንድ ላይ ወረደ። ባልተከልኩት ይሻል ነበር። የደለል አጥር ተዘርግቶ ለሚመጣ ውሃ ነው። ውሃ ተሰብስቦ በቦይ ከሄደ መልሱ ክትርና የደለል ጉድጓድ ነው።

5. የደለል ጉድጓድ

በቦታው ዝቅተኛ ጥግ ይቆፈራል። ስሌቱን በእጃችሁ መሥራት ትችላላችሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 25 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 500 ካሬ ላይ 12,500 ሊትር ያርፋል፤ 12.5 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ስለዚህ 6 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ለአንድ ጥሩ ዝናብ ይሆናል።

ርዝመቱ የስፋቱ ሦስት እጥፍ የሆነው በምክንያት ነው። አፈር ለመስጠም ጊዜ ይፈልጋል። ደቃቅ አሸዋ በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ከሱ አሥር እጥፍ የደቀቀ ብናኝ ሦስት ሰዓት። ከዚያም አሥር እጥፍ የደቀቀው የሸክላ አፈር ከአሥር ቀን በላይ። ውሃው በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ እንዲወጣ አድርጉ፤ መግቢያና መውጫው ከተቀራረቡ ጉድጓዱ ትርፉ ድካም ነው። መውጫውን በድንጋይና በጠጠር አንጥፉት፣ ወደ ሣሩ ይፍሰስ እንጂ በቀጥታ ወደ ወንዙ አይሁን።

ከቁጥሮቹ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። ሸክላውን ጉድጓድ አይዘውም። መረሬ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያላችሁ መፍትሔ አፈሩ ከመሬት እንዳይነሣ ማድረግ ነው፤ ይህም ወደ ተራ ቁጥር 6 ይወስደናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ለልጆች ገዳይ ነው። በቆርቆሮ ወይም በአጣና አጥሩት፣ በተቆፈረበት ቀን እንጂ ነገ አይደለም። አንዱን ዳር መውጣት በሚያስችል ተዳፋት ቁረጡት።

6. አፈሩን ሸፍኑ፣ የት እንደሚሄድም በውል አስገቡ

የላይኛውን 20 ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ለብቻው አኑሩ፤ በመጨረሻ ሣር ለመትከል ያስፈልጋችኋል። ሌላውን ክምር ከወንዙ ዳር ቢያንስ 10 ሜትር አርቁት፣ ሸራ አልብሱት፣ ዙሪያውን ቦይ አድርጉለት። ከአንድ ሳምንት በላይ ሥራ የማይነካው የተራቆተ መሬት ካለ ጭድ ወይም የታጨደ ሣር በትኑበት። የዝናብ ጠብታ እርቃኑን መሬት ሲመታ ነው አፈሩ የሚላቀቀው፤ ጭዱ ምቱን ይቀበላል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ርካሹ ሥራ ይህ ነው፣ ለመረሬም ከሁሉ የሚበልጠው።

የሚጫነውን አፈር በተመለከተ፣ ሲኖትራኩ የት እንደሚያራግፍ በውሉ ላይ ይጻፍ። ማታ ማታ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የሚደፋው አፈር ባለቤት አለው፤ አንዳንዴ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። በየጉዞው የማራገፊያ ፎቶ እስኪመጣ ድረስ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ።

7. የሲሚንቶ እጣቢ

ሚክሰርና ባሬላ ወንዝ ውስጥ አይታጠብም። ትኩስ የሲሚንቶ ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ፤ ንጹሕ ውሃ 7 ነው) 12 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ዓሣ የሚችለው በግምት ከ6.5 እስከ 9 ያለውን ነው። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ላስቲኩን አንጥፉበት፣ እጣቢው በሙሉ እዚያ ይግባ። ውሃው ይተናል። የደረቀውን ሰባብራችሁ ለወለል ሙሌት ተጠቀሙበት። የሞተር ዘይትና ናፍጣም በዚያው ሕግ ይታዩ፦ ማሽን ዳር ላይ ነዳጅ አይሞላም።

8. ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ

ከወንዝ፣ ከጨፌና ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር አርቁ። ማስረጊያ ጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው 2 ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ የምትለኩት በመስከረም ነው እንጂ በመጋቢት አይደለም፤ በበጋ ውሃው ዝቅ ስለሚል ያታልላችኋል። ውሃ ቅርብ ከሆነ ፍሳሹ ሳይጣራ ያልፋል። ፍሳሽ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የተሸከመ ነው፤ ጣና ላይ እምቦጭን የሚቀልበው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ቦታችሁ ይህን ርቀት ካልፈቀደ የማይሰርግ ዝግ ታንክ አሠሩና በቦቴ አስመጥጡ። ወጪው ያማል፤ ሌላ መንገድ ግን የለም።

9. የጣሪያውን ውሃ ያዙ

ቤቱ ካለቀ በኋላም ወንዙ ይጎዳል። ጣሪያ ውሃ አያሰርግም፣ ኮብልስቶንም የሚያሰርገው ጥቂት ነው፤ ቀድሞ በቀናት ይደርስ የነበረው አሁን በደቂቃዎች ወንዝ ይደርሳል፣ ዳሩንም ይንዳል። 100 ካሬ ጣሪያ በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 3,000 ሊትር ይሰጣል። አሸንዳውን ወደ ሮቶ አስገቡት፤ ትርፉን ድንጋይ ወደተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ልቀቁ። መረሬ ላይ ማስረጊያው አይሠራም፣ አፈሩ በክረምት ያብጣል፤ መሠረትንም ያነቃንቃል። እዚያ ሁለተኛ ሮቶ ይሻላል።

10. ዳሩን ትከሉ

ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ጥሩ ነው። ቬቲቨር የተባለው ሣር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ፣ በእኩል ከፍታ መስመር ይተከል። ሥሩ እስከ 3 ሜትር ይወርዳል፤ በዘር ስለማይራባ ከመስመሩ አያመልጥም። ለከብት የሚሆን ከፈለጋችሁ ደሾ ሣር። ክፍተቱን ሰርዶ ይሞላዋል። ባሕር ዛፍ ግን አትትከሉ። ውሃ ይጠጣል፤ በሥሩም ሣር እንደልብ አይበቅልም፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሣሩን ነው።

11. ከዝናብ በኋላ ዙሩ

ጥሩ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው ይዙር። አጥሩ ሥር የተጠራቀመው ደለል የአጥሩን ከፍታ አንድ ሦስተኛ ሲደርስ ይወገድ፤ ጉድጓዱ ግማሽ ሲሞላ ይጠረግ። የወጣው ደለል ከአጥሩ በላይ ይመለስ። ከአጥሩ በታች የደፋ ሠራተኛ አይቻለሁ፤ ከልቡ እየሠራ ነበር፣ ማንም አልነገረውም።

አሁን ሃይላንዶቹ። እየዘነበ ወይም እንዳባራ፣ አንዱን ከግንባታችሁ በላይ ካለው ወንዝ፣ ሌላውን ከግንባታችሁ በታች ካለው ሙሉ። ነጭ ወረቀት ፊት አቁሟቸውና ፎቶ አንሡ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሥራችሁ ይሠራል። የታችኛው የደፈረሰ ከሆነ አንድ ቦታ ሾልኳል፤ ቆሻሻው ከላይ ነው የመጣው ብላችሁ ራሳችሁን አታጽናኑ። ፎቶዎቹን አስቀምጡ፣ ወረዳ ሲመጣ ማስረጃችሁ ናቸው።

ሌሎች ማስጠንቀቂያዎች

- የአዲስ አበባ ወንዞች ፍሳሽ የተቀላቀለባቸው ናቸው። ያለ ቡትስና ጓንት ማንም አይግባ፤ ቁስል ያለበት ሰው ጨርሶ አይግባ።
- ሰማዩ በእናንተ በኩል ጠርቶ እንጦጦ ላይ እየዘነበ ከሆነ ወንዙ ውስጥ አትሥሩ። ሙላቱ ሳያስጠነቅቅ ይደርሳል።
- ሥሩ የተበላ ዳር ላይ ማሽን አታቁሙ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ቀድሞ መሥራት። ዳሩን በጋቢዮን ቆልፈው ግቢውን እርቃኑን የሚተዉ አሉ። ጭቃው በጋቢዮኑ ቀዳዳ ይወርዳል፤ የወንዙ ጉልበትም ወደ ማዶው ጎረቤት ይዞራል።

ጨፌውን በቦይ ማድረቅ። አንድ ክረምት የተሳካ ይመስላል። ከዚያ ቦዩ ራሱ ወደ ገደል ይለወጣል።

ሐምሌ ላይ መሠረት መቆፈር። ምርጫ ካላችሁ ቁፋሮውን ከጥቅምት እስከ ጥር አድርጉት። በበልግ ዝናብም አትዘናጉ።

አጥሩን ቶሎ መንቀል። ሣሩ መሬቱን እስኪሸፍን ይቆይ። ቀለም ስለተቀባ ግንባታው አልቋል ማለት አይደለም።

አፈሩ የሚመጣው ከጎረቤት ግንባታ ከሆነ

ይህም ጥያቄ ይበዛል። መጀመሪያ ፎርማኑን አነጋግሩት፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን በሚፈጅ ሥራ ይስተካከላል። ካልሆነ ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ፎቶ አንሡ፣ የሁለቱን ሃይላንድ ሙከራ ሥሩ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ። ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ቀኑ የሚጠቅማችሁ በዚህ ነው፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት 60 ቀናት ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ ይዞ 30 ቀን መቁጠር አይቻልም።